ብርድ የመታው ዲስክ

ናዝሬት፣ ግንቦት 6 ቀን 1982 ዓ.ም.

ውድ ገመዳ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ አይደለም የዘገየብህ፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። እናትህ አዴ ጉዲቱ የላኩልኝ ማርም በሰላም ገብቷል። አባባ ከእኔ ቀድመው ጀምረውታል፤ ለእኔ የቀረልኝ ግማሹ ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም፤ ሌላ ዓይን እንዳያየው ብዬ ለአቦምሳ አውቶቡስ ሾፌር ለገመቹ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። አብሮት ማኅተም ያረፈበት ሌላ ወረቀት ታጥፎ ታገኛለህ፤ እሱን ይህን ከጨረስህ በኋላ ክፈተው። ለጠየቅኸኝ ነገር መልሱ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። አንተ መጽሐፍ እንኳ ከመጨረሻው ገጽ እንደምትጀምር አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን እባክህ በተራ አንብብልኝ።

የምጽፍልህ ስለዚያ ኮምፒውተር ነው። የምታውቀውንም ጨምሬ ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም የእኔ እጅ የት ላይ እንደገባ በቅደም ተከተል እንድታየው እፈልጋለሁ።

ማሽኑ በ1978 በእርዳታ ሲመጣ ሚያዝያ ነበር። ፈረንጁ መሐንዲስ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያዘጋጀው ከአጠገቡ አልተለየህም፤ እኔ ደግሞ ከታይፕራይተሬ ኋላ ሆኜ ሁለታችሁንም እታዘብ ነበር። ሰውየው ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀህ፤ እያጠፋችሁ እያበራችሁ አታሰቃዩት፣ ሁልጊዜ ይብራ አለህ። ለምን እንደሆነ አልነገረህም፣ አንተም አልጠየቅኸውም። በቀይ እስክሪብቶ «አይጠፋም» ብለህ ጽፈህ በፕላስተር ለጠፍህበት።

ከዚያ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከሞጆ እስከ ዝዋይ፣ ከወንጂ እስከ መተሐራ እየዞርህ ያስመረመርኸውን የጉድጓድ ውሃ ሁሉ እዚያ ውስጥ ከተትኸው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጉድጓድ። የእያንዳንዱ ጥልቀት፣ ጨዋማነቱ፣ ከሁሉም በላይ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ምን ያህል እንዳለበት፣ የትኛው ለመጠጥ እንደሚሆንና የትኛው መዘጋት እንዳለበት። አንዳንዱን ቁጥር አንተ እያነበብህልኝ እኔ ነበርሁ የማስገባው። አንተ የወንጂ ልጅ ነህ፤ ስትስቅ አፍህን በእጅህ የምትሸፍነው ለምን እንደሆነ ቢሮ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ሥራው ለአንተ የመንግሥት ሥራ ብቻ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። ይህን ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት ማለት አልችልም።

አሁን ወደ ዓርብ ታኅሣሥ 28 ቀን 1981 ልምጣ። በማግስቱ ገና ነበር። አንተ ከሰዓት በፊት ወደ ወንጂ ወደ እናትህ ሄደሃል። ቢሮውን የምዘጋው እንደ ወትሮው እኔ ነበርሁ። ቤታችን አንድ ሕግ አለ፤ ለበዓል ከቤት ሲወጣ ማንኛውም ሶኬት ይነቀላል። በዚያው ዓመት ኅዳር ጎረቤታችን ካውያ ሰክታ ረስታ ቤቷ ከተቃጠለ ወዲህ አባባ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ማሽኑ ብቻውን እያጉረመረመ ቅዳሜና እሑድን ሊያድር መሆኑ አላስችል አለኝ። «አይጠፋም» የሚለውን ወረቀትህን አየሁት። የሥራ ቀን ማለቱ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምሁት። ተመልሼ አጠፋሁት፣ ሶኬቱን ነቀልሁ፣ አቧራ እንዳይገባበት ደግሞ የጠረጴዛዬን ዳንቴል አነሣሁና አለበስሁት። ጎበዝ የቤት ልጅ መሆኔ ነው።

ሰኞ ጥር 1 ቀን አንተ ሳትመጣ ላበራው ብዬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። የዚያን ዓመት የጥር ጠዋት ታስታውሳለህ፤ ናዝሬት መሆናችንን የሚያስረሳ ብርድ ነበር፣ በካፖርቴ ሆኜ ነው የሰካሁት። ማሽኑ አጉረመረመ፣ አንዴ ጮኸና ስክሪኑ ላይ 1701 የሚል የብልሽት ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ዝም አለ። አጥፍቼ ደግሜ አበራሁት፤ 1701። ሦስተኛ ጊዜ አበራሁት፤ ያው ነው። ኮቴህን ደረጃው ላይ ስሰማ ዳንቴሉን ወደ መሳቢያዬ ከትቼ ታይፕራይተሬ ፊት ተቀመጥሁ።

ገባህ፣ ስክሪኑን አየህ፣ ቆብህንም አላወለቅህም።

«ሣራ፣ ማነው የነካው?»

«ማንም። እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

«በርቶ ነው ያገኘሽው?»

«አዎ። በርቶ።»

ብዙ ጊዜ ይህን ለራሴ ስተርከው አለቃችንን ጓድ አምባዬን ፈርቼ ነው እል ነበር። እውነቱን ልንገርህ፤ ጓድ አምባዬ ያን ሰዓት ገና ግቢውም አልደረሰም። የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት ለአንተ ብቻ ነው፣ እሱም እንዳትቆጣኝ ብዬ። ፍርሃቱ የመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው።

የሠራኸውን ሁሉ አይቻለሁ። መጀመሪያ ገመዶቹን ነቅለህ መልሰህ ሰካህ። ከዚያ በዲስኬት አስነሣኸው፤ ተነሣ። እፎይ አልህ፤ ጭንቅላቱ ደህና ነው፣ የጎደለው ማስታወሻው ነው አልኸኝ። ዲስኩን ስትጠራው ግን እንዲህ የሚባል ዲስክ አላውቅም ብሎ መለሰልህ። ክዳኑን ፈትተህ ዲስኩን የሚያገናኘውን ካርድ አወጣህ፣ በላጲስ ጠርገህ መለስኸው። ጆሮህን አስጠግተህ አዳመጥህ። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ ይል ነበር፣ ቁልፉ የጠፋበት ሰው በር ላይ እንደሚያደርገው። ያን ጊዜ ፊትህ ተለወጠ።

«በርቶ እየሠራ እያለ ከሞተ፣ የዲስኩ ማንበቢያ መረጃው የተጻፈበትን ሳህን መትቶታል ማለት ነው» አልህ። «እንዲህ ከሆነ ባበራሁት ቁጥር እየፋቀው ነው የሚሄደው።» ወዲያው አጠፋኸው።

ያወጣኸው ሐሳብ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው እኔ የሰጠሁህ መነሻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላው ፋይል እንዳይፋቅ ብለህ በቀን አንዴ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ታበራው ጀመር። ሙቀት ነው የገደለው ብለህ ስላመንህም የምትሞክረው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቬንትሌተር ተውሰህ ፊት ለፊቱ አቆምህለት። ማንስ ቢሆን ምን ያስባል? በናዝሬት የሚበላሽ ነገር ሁሉ የሚበላሸው በሙቀት ነው፤ ወተቱም፣ መድኃኒቱም፣ የመኪናው ጎማም። ብርድን የሚጠረጥር ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ደግመህ ጠየቅኸኝ። ወንበር ስበህ ከጎኔ ተቀምጠህ በቀስታ ነው የጠየቅኸኝ።

«ሣሪ፣ በደንብ አስቢልኝ። ዓርብ ስትወጪ በርቶ ነበር? መብራት ጠፍቶ የመጣ ይመስልሻል?»

«በርቶ ነበር። መብራትም አልጠፋም። የግድግዳው ሰዓት ልክ አይደል?»

የግድግዳውን ሰዓት የጠቀስሁት አንተን ለማሳመን ነው፣ የሚሠራው በመብራት ስለሆነ። ቀና ብለህ አየኸው፣ ልክ ነበር። ከሁለቱ ውሸት የሚከብደኝ ይኸኛው ነው፣ ምክንያቱም አስቤበት ነው የዋሸሁት። ያን ጊዜ ጓድ አምባዬ ኮሪደር ላይ «አሻጥር» የሚለውን ቃል ተናግሮ ነበር። ሪፖርቱ ለአዲሶቹ መንደሮች ውሃ ምርጫ ሊላክ አሥር ቀን ቀርቶት ነበርና ተጠያቂ የሚሆን ሰው ይፈለግ ነበር። አባባ በ1971 በጸሎት ምክንያት አምስት ወር ታስረዋል፤ የቤተ ክርስቲያናችን በር ያኔ እንደታሸገ ነው፣ ፋይሌም ላይ ይህ ሁሉ ተጽፏል። የእኔ ስም «አሻጥር» ከሚለው ቃል አጠገብ ቢቀመጥ ነገሩ እዚያው ያልቃል ብዬ አሰብሁ። የአንተ ስም ቢቀመጥስ ብዬ አላሰብሁም። አንተ አዋቂ ነህ፣ አንተን የሚተካ የለም፣ ምንም አያደርጉህም አልሁ።

አደረጉህ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀምጦ «ለምን ቅጂ አልያዝህም?» አለህ። ዲስኬት እንዲገዛልህ ሦስት ጊዜ መጠየቅህን የሚያሳዩትን ደብዳቤዎች እኔ ራሴ ነበርሁ የጻፍኋቸው፤ አቀረብህ፣ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ፖሊስ ጣቢያ ታስረህ አሥራ ሰባት ቀን ቆየህ። እኔ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዤ እመጣ ነበር። አዴ ጉዲቱን መጀመሪያ ያገኘኋቸው እዚያው አጥር ሥር ነው፤ ከወንጂ በጠዋት መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ኢንተሎ ኮ፣ ልጄ ምን አጠፋ?» አሉኝ፣ እኔን በኦሮምኛ ልጄ፣ አንተን በአማርኛ ልጄ ብለው።

«ምንም አላጠፋም፣ አዴ» አልኋቸው። ያን ቀን ያወጣሁት እውነት ይህ ብቻ ነው። እጄን ይዘው ሳሙኝ። እጄን ከእጃቸው ማስለቀቅ ፈለግሁ፤ አልቻልሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። «በከባድ ቸልተኝነት» ተብሎ ወደ አቦምሳ የዘር መጋዘን ጠባቂነት ተዛወርህ፤ እናትህንም ይዘሃቸው ሄድህ። አንተ የማታውቀው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ መዝገቡ ስለጠፋ ከመቂ ወዲህ ያለው ቁጥር 47 ጉድጓድ፣ አንተ ይዘጋ ብለህ የጻፍህበት፣ ፓምፕ ተተክሎለት ሰባት ወር ተጠጣ። እንደገና ተመርምሮ የተዘጋው በነሐሴ ነው። ሰባት ወር ጥርስ አያበልዝም ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች፤ እኔ ግን በዚያ ሳልፍ የሕፃናት አፍ አያለሁ። ሁለተኛው፣ ማሽኑ አልተጣለም። ማስረጃ ነው ተብሎ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ከግቢው ጀርባ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ገባ። ለእኔ ሌላ ማሽን መጣልኝ፤ ያስተማርኸኝን ይዤ የአንተ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

በእነዚህ አሥራ ስድስት ወራት እንዴት እንቅልፍ ወሰደሽ ብትለኝ፣ አንድ ነገር ለራሴ አሳምኜ ነበር። ዲስኩ ለማንኛውም ሊሞት ነበር፣ ማጥፋቴ ምንም አልጨመረም እል ነበር። አንተ ራስህ ሳህኑ ተመትቷል ብለህ የለ? የአንተን ቃል ነበር የምደገፈው። ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር «በዚያ ጊዜ ከጎኔ የቆምሽው አንቺ ብቻ ነሽ» የምትለዋን መስመር ዘልዬ አነባለሁ። ሁልጊዜ ትጽፋታለህ፣ እኔም ሁልጊዜ የትኛው ገጽ ላይ እንደምትመጣ አውቄ እዘላታለሁ።

ሚያዝያ 18 ያኛው ደብዳቤህ ደረሰኝ። «ግንቦት 19 እሑድ ሽማግሌዎች እልካለሁ፤ አባትሽን አዘጋጂልኝ» ያልህበት። ደስ አለኝ፣ ገመዳ። ለስድስት ቀን ያህል ደስታ ብቻ ነበር፤ አልደብቅህም። ለአባባ ነገርኋቸው፣ «የወንጂው ልጅ? ምነው እስካሁን ቆየ?» ብለው ሳቁ።

በስድስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 24፣ ሽኩር የሚባል ጠጋኝ ከአዲስ አበባ አዲሱን ማሽን ሊያይ መጣ። ቀጭን፣ ወሬኛ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ሥራውን ሲጨርስ ሌላ የተበላሸ አለ ወይ አለ። መጋዘኑን ከፈትሁለት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ቆርቆሮው ሥር ያለውን ሙቀት ታውቀዋለህ፣ ሰው ይቀቅላል። ከረጢቱን ፈታ፣ አቧራውን በአፉ እፍ አለ፣ እዚያው መሬት ላይ አስቀምጦ የመጋዘኑን መብራት ነቅሎ በቦታው ሰካው።

ማሽኑ አጉረመረመ፣ አንዴ ጮኸ፣ ከዚያም ተነሣ። ምንም ሳይል ተነሣ። የፋይሎቹ ስም በአረንጓዴ ቀለም ቁልቁል ወረደ፤ ሞጆ፣ ሉሜ፣ ወንጂ፣ ዝዋይ፣ አንተ እንደሰየምኻቸው። ከረጢቱ ላይ ተቀመጥሁ።

«ምን ሆነሽ፣ እህቴ? ደህና እኮ ነው» አለኝ ሽኩር። «ሞተ ያለው ማነው?»

ነገርሁት፤ ቁጥሩን፣ ጢቅ ጢቁን፣ የጠዋት ሙከራውን፣ ቬንትሌተሩን ሳይቀር። ቬንትሌተር ስል ጭንቅላቱን ያዘ።

«ቆይ ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ይህ ቁጥር ሲመጣ ማሽኑ ሲሠራ ያደረ ነው ወይስ ጠፍቶ ያደረ?»

ያው ጥያቄ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ተጠየቅሁ፣ ጠያቂው ደግሞ ምንም የማላጣበት ባይተዋር ሰው ነበር።

«ጠፍቶ። ሦስት ሌሊት ጠፍቶ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አሃ!» አለና ሳቀ። «በቃ፣ ብርድ ነው የመታው።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፤ እንደገባኝ ልጻፍልህ፣ አንተ ከእኔ ይልቅ ትረዳዋለህ። ይህ ዓይነቱ ዲስክ ማንበቢያውን የሚያራምደው በተቆጠረ እርምጃ ነው፣ የተጻፈበትን መስመር እያየ አይደለም፤ አምስት እርምጃ ከተባለ አምስት ተራምዶ ይቆማል። ሳህኑ ደግሞ ብረት ነው፣ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። የእኛ ዲስክ መስመሮቹ የተሠመሩት በሚያዝያ ሙቀት ነው፣ ከዚያ በኋላም ሦስት ዓመት ገደማ ሳይጠፋ ስለኖረ የተጻፈው ሁሉ በትኩሱ ነው የተጻፈው። በጥር ብርድ ሦስት ሌሊት ሲያድር መስመሮቹ ከፀጉር ያነሰ ስፋት ፈቀቅ አሉ። ማንበቢያው እርምጃውን ቆጥሮ ሲደርስ መስመሩ እዚያ የለም። ፈረንጁ አታጥፉት ያለው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ምን ይደረግ ነበር?» አልሁት።

«ምንም። አብርቶ መተው። ግማሽ ሰዓት እስኪሞቅ ጠብቆ እንደገና ማስነሣት። ያ ልጅ ጠፍቶ እንዳደረ ቢያውቅ ኖሮ ይደርስበት ነበር፤ የሠራውን ስትነግሪኝ ጎበዝ ነው። በርቶ ነበር ያለው ማነው?»

«እኔ።»

ሽኩር መሳቁን አቆመ። ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ሲወጣ «ዛሬውኑ ቅጂ ያዙ» አለኝ።

ግማሽ ሰዓት ነበር፣ ገመዳ። አሥራ ሰባቱ ቀን ጣቢያ፣ አሥራ ስድስቱ ወር መጋዘን፣ እናትህ ያ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ሁሉ፣ ግማሽ ሰዓት ነበር የሚፈልገው። እውነቱን ነግሬህ ብትቆጣኝ ኖሮ፣ ተቆጥተህ ሳትጨርስ ዲስኩ በተነሣ ነበር።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ጉድጓዶች ተገኝተዋል፤ ሁሉንም በዲስኬት ገልብጬ በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ። ጓድ አምባዬ ስብሰባ ጠርቶ አመሰገነኝ። በብልሃቷ የሀገር ሀብት አዳነች ተባልሁ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ናይሮቢ ለስድስት ወር ሥልጠና ስሜ ተላለፈ። የተነሣሁት እያጨበጨቡ ሳለ ነው መሰለኝ፤ ውጭ ወጥቼ ቧንቧው ጋ ፊቴን ታጠብሁ።

ማታውን ለአባባ ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም፤ «ለገመዳ ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«አልነገርሁትም።»

«እንግዲያው ለእኔ ምን ይሠራልኛል? እኔን አልበደልሽኝ።» ከዚያ ተነሥተው ወደ መኝታቸው ሄዱ። በሩን ከመዝጋታቸው በፊት «ሽማግሌ የሚቀበለው እኔ ነኝ፤ ሰውየው ሳያውቅ ግን አልቀበልም» አሉ።

በማግስቱ የሆነውን ሁሉ በታይፕ ጻፍሁት፤ ማን ምን ሰዓት ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደተጠየቅሁና ምን እንደመለስሁ። በሦስት ቅጂ አዘጋጅቼ ለጓድ አምባዬ ወሰድሁለት። ቆሜ እያለሁ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሣራ፣ ዲስኩ ድኗል አይደል? ምን ፈልገሽ ነው?»

«በገመዳ ላይ የተወሰነው እንዲነሣ ነው፣ ጓድ።»

«የተወሰነው በኮሚቴ ነው። እኔም ፈርሜበታለሁ። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሥልጠና ልትሄጂ ነው፤ ይህን ወረቀት አልተቀበልሁም፣ አላየሁትምም። ውሰጂው።»

ወሰድሁት። በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ነው የወሰድሁት። ወይዘሮ ዘርፉን ታውቃቸዋለህ፤ ወረቀት ሲመጣላቸው መጀመሪያ ማኅተም ያሳርፋሉ፣ ቁጥር ይሰጣሉ፣ በትልቁ መዝገብ ያስገባሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው መነጽራቸውን አድርገው የሚያነቡት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቢሮው ሁሉ ስቆባቸዋል። ዓርብ ግንቦት 3 ቀን፣ ቁጥር 318/82 ሆኖ ገባ። ማንበብ ሲጀምሩ እጃቸው ከገጹ ላይ ቆመ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አስገባሽኝ?»

«አለቆች ይውጣ ካሉ ይወጣል ወይ፣ ወይዘሮ ዘርፉ?»

መዝገቡን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እኔ እዚህ እያለሁ በዚህ መዝገብ የገባ ወረቀት ወጥቶ አያውቅም» አሉና አንዱን ቅጂ መልሰው ሰጡኝ። አብሮ የታጠፈው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከሥራ ታገድሁ። ቁልፍ አስረከብሁ። ናይሮቢም ቀርቷል፤ ከዚህ የከፋ እንደሚመጣም እጠብቃለሁ። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ወሬው በሌላ ሰው አፍ ዞሮ ቢደርስህ ሰማዕት አስመስለው እንዳይነግሩህ ነው።

አሁን የሚቀረው የአንተ ሥራ ነው። አዲስ ማስረጃ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን አለህ። ሠላሳው የሚሞላው ሰኔ 3 ነው፣ እሱ ግን እሑድ ስለሚውል እስከ ዓርብ ሰኔ 1 ድረስ አስገባ። ማመልከቻህን አጭር አድርገው፤ የመዝገቡን ቁጥር ጥቀስ፣ ቅጂውን አያይዝ፣ የዲስኬት ጥያቄዎችህ ግልባጭ ደግሞ ከእኔ ጋ አለ፤ በገመቹ እልክልሃለሁ። ኮሚቴው ቃሌን በፊትህ እንድደግም ከጠየቀ እደግማለሁ። ለእኔ ብለህ አንዲት ቃል እንዳታለሳልስ።

ለአዴ ጉዲቱ አንተ ንገራቸው፣ ወይም ፍቀድልኝና መጥቼ እኔ ልንገራቸው። ማሩ ግን ከእንግዲህ አይላክልኝ፣ እውነቱን ካላወቁ በቀር።

የጠየቅኸኝ ነገር። እወድሃለሁ፣ ገመዳ። ከታይፕራይተሩ ኋላ ሆኜ ስታዘብህ ጀምሮ እወድሃለሁ። ይህን ከላይ ያልጻፍሁት ይቅርታ መለመኛ እንዳይመስልብኝ ነው። ይቅርታም እለምንሃለሁ፤ ለብቻው። ሁለቱን አታያይዛቸው፤ አንዱን ሰጥተህ ሌላውን ብትነፍገኝ አልከስስህም፤ ሁለቱንም ብትነፍገኝም ለምን ብዬ አልጽፍልህም። ለመልስ አትቸኩል። መጀመሪያ ማመልከቻህን ጻፍ፣ የሽማግሌውን ነገር ከዚያ በኋላ አስብበት፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ግንቦት 19 እሑድ አባባ ቤት ይውላሉ፣ እኔም አለሁ። ወንበር አላሰናዳም። ሰው ከመጣ ግን ከጎረቤት እዋሳለሁ።

ሣራ